በር ነው ያልነው

ጥር 21 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከደጃፌ ተነስቶ እስከ ደጃፍሽ ይድረስ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። አንቺስ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ግራ ጆሮሽስ? በእንስሳት ክሊኒካችን ስልክ ብናወራ በወደድኩ፤ ግን ባለፈው እኔ ስጮህ፣ አንቺ “ምን?” ስትይ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጉዳያችንን ሰምቶ አንቺ ብቻ ሳትሰሚ ቀረሽ። ደብዳቤው ይሻለናል።

የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ነገር ልንገርሽ። ታሟል ልልሽ ነበር። አልታመመም፤ ግን ሊታመም ይችላል ተብሎ ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያየዋል። ሚስቱ አራተኛዋን ፀንሳ ወሯ ገብቷል፤ ትንሹ ጥርስ እያበቀለ ሌሊቱን ሙሉ ያስለቅሳታል። በዚህ ላይ ነው ይሄ የመጣው። ለክሊኒካችን ነጭ ጋዋን ሰፍቶ ሊያስረክብ እንደቆመ፣ አንድ ነጋዴ “አልበላ አለኝ፣ ዝም ብሎ ያጉረመርማል” ብሎ ያመጣው ትልቅ ቡናማ ውሻ ገመዱን በጥሶ ባቱን ያዘው። አዲሱ ጋዋን ሁሉ ሳይለበስ ደም ጠጣ። ከእግሩ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። እንደምታውቂው ሥራዬ መያዝ ነው፤ ላምም ይሁን ድመት እኔ እይዛለሁ፣ ወንድምሽ ያክማል።

የእንስሳት ሐኪሞች የፈቃድ ቦርድ ደንብ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። ሰው የነከሰ ውሻ አይገደልም። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተዘግቶ አሥር ቀን ይታያል፤ ደህና ከሆነ የተነከሰው ሰው መርፌውን ያቆማል። ከሞተ ደግሞ ጭንቅላቱ ሳይነካ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ በሽታው ያለው አንጎሉ ውስጥ ነዋ። ይህን ዘበኛችን እንኳ በእንቅልፉ ይነግርሻል። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ሰው ላይ ከወጣ መድኃኒት የለውም። ሰውየው ውሃ እየጠማው፣ ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ይቆለፋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ያልቅለታል። መርፌው የሚያድነው ከዚያ በፊት ሲወሰድ ብቻ ነው።

ውሻው በማግሥቱ ሞተ። እንዴት እንደሞተ አሁን አትጠይቂኝ።

ቀኑ ሲሞላ ግን ወንድምሽ ልብስ ሰፊውን “ውሻው ጤነኛ ነው፣ መርፌውን ተወው” አለው። ለምን እንዲህ እንዳለው እሱ ያውቃል። እኔ ሚስቱን በአጥር ጠርቼ “እንዳያቆም” አልኳት። “ለምን?” አለች። “ዝም ብለሽ ጎትተሽ ውሰጂው” አልኳት። ይኸው እያነከሰ ይሄዳል፤ ከውሻው ይልቅ ነርሷ ክፉኛ ነከሰችኝ እያለ ሰው ያስቃል።

ወንድምሽ ደህና ነው። ሰፈሩ ዛሬም “ክብሪት” ነው የሚለው። የእጁ አንጓ ላይ ጨርቅ ጠምጥሟል፤ ለጠየቀው ሁሉ ድመት ናት ይላል።

ያንቺው የአክስትሽ ልጅ

*

የካቲት 9 ቀን

ለተወደድሽው የአክስቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቤትሽ ሰላም፣ ልጆችሽ ጤና ይሁኑልሽ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም የእንስሳት ሆስፒታሉ ውስጥ ፍርግርግ እያጠብኩ ነው፤ የዚህ አገር ብርድ እጄን ከመሰንጠቁ በቀር የምማረርበት የለኝም።

ለልብስ ሰፊው ምሕረቱን ያውርድለት። ሚስቱንም በሰላም ይገላግላት።

ዛሬ የምጽፍልሽ በትልቅ ጉዳይ ነው። ዋናዋን ሐኪም ስለ ወንድሜ አናግሬያት ነበር። ሰው ይቸግራቸዋል፤ ፈተናውን ካለፈ እንወስደዋለን ብላለች። የዚህ አገር ቦርድ ግን ፈቃድ የሚሰጠው፣ የእናንተ ቦርድ “ይህ ሐኪም ክስም ወቀሳም የለበትም” ብሎ በማኅተም ሲያረጋግጥለት ነው። ያቺ አንዲት ወረቀት ናት የቀረችው። እሱ ሰልፍ እንደማይወድ ታውቂያለሽ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ሰው ሰድቦ ይመጣል። ስለዚህ አንቺ አብረሽው ሂጂልኝ። ካንቺ ሌላ የሚሰማው የለም።

እናታችን ስትሞት እጄ ላይ ጥላው የሄደችው እሱን ነው። እዚህ ካመጣሁት በኋላ ዓይኔን ብጨፍንም አይቆጨኝም።

አንድ ነገር ደግሞ። እዚህ ሰው የነከሰን ውሻ ማንም በጣቱ አይነካውም። የናንተው በማግሥቱ እንዴት ሞተ?

እህትሽ

*

የካቲት 24 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ቢመስልሽ አትሳቂ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፍልሽ። ቀኙን የመድኃኒት ክፍሉ የብረት በር ያዘው። ሦስት ጣቶቼ ተሰብረዋል። ሐኪሙ ሁለቱ ይቀናሉ፣ አንዱ እንደጎበጠ ይቀራል ብሎኛል። ልጄ ፀጉሬን ታበጥርልኛለች፤ ስታበጥር ደግሞ እንደ በግ ነው የምትሸልተኝ። ቻይ ነኝ፣ አታስቢ።

የልብስ ሰፊው ሚስት ተገላገለች። ሴት ናት፤ ድምጿ እንደ ወፍጮ። እሱም መርፌውን ጨረሰ። እንግዲህ ፈጣሪ ያውቃል እንጂ ሐኪሞቹ አይዞህ ብለውታል። እግሩ ግን ጉድጓድ አለው፤ ሥጋው ተቦጭቋል።

ታዲያ ሚስቱ ከአራስ ቤት ሳትወጣ ለቦርዱ አቤት አለች። “ውሻው ታይቷል ተባልን፣ ውሻው የት አለ?” ብላ። ቦርዱ አንዲት መርማሪ ላከ፤ ቀጭን፣ ጫማዋን አውልቃ ገብታ ወለሉን የምታይ ዓይነት ሴት። ክሊኒኩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። የሁላችንንም የክትባት ወረቀት ጠየቀች፤ የእብድ ውሻ ክትባት ያልወሰደ ሰው ክሊኒክ ውስጥ አይሠራም፣ ሐኪምም ፈቃዱ አይታደስለትም። እኔና ዘበኛው ጤና ጣቢያ ሄደን ተወግተናል። ወንድምሽ ግን ራሱን ራሱ ወግቶ፣ ለራሱ ራሱ ማኅተም መትቶ ነው ያስቀመጠው። መርማሪዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና፣ ሐኪም ለራሱ መመስከር ይችላል ወይ ብላ ጠየቀችው። ጠረጴዛውን ገለበጠባት። ዘበኛው በመሀል ባይገባ እሷም አብራ ትገለበጥ ነበር። ክሊኒኩ ታሸገ።

በዚያ ሳምንት የልብስ ሰፊው መስኮት በድንጋይ ረገፈ። ድንጋዩ የሕፃኗ አልጋ ላይ ነው ያረፈው፤ እናቷ ለማጥባት አንስታት ነበር።

ወረቀትሽ እንግዲህ መዘግየቱ ነው።

የአክስትሽ ልጅ

*

መጋቢት 8 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለእጅሽ አዝኛለሁ፤ ፈጣሪ ይማርሽ።

ወረቀት ለመንኩሽ፣ ድንጋይና ጠረጴዛ ላክሽልኝ። መስኮቱን እሱ ሰበረ ብለሽ አልጻፍሽም፤ እኔ ግን ሌላ አላነበብኩትም። ውሻው እንዴት እንደሞተ ሁለት ጊዜ ዘለልሽው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ቦርዱ ምስክር አድርጎ መጥራቱ አይቀርም። መቼም ውሻውን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ካንቺ ሌላ ያየ የለም። አላየሁም በዪልኝ። ዋሺ አይደለም የምልሽ፤ አላስታውስም ማለትም አለ። እዚያ ስለተጨናነቀ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም። እዚህ ሰፊ ነው፤ ሰው ከሰው አይጋፋም፤ ይበርዳል። አንድያ ወንድሜ ነው። ፈቃዱን ከነጠቁት ምን ይሆናል? በምን እጁ ይበላል?

አሁን ደግሞ የምጠይቅሽን በእውነት መልሺልኝ። የመድኃኒት ክፍሉ በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ከፍቼዋለሁ። ከባድ ነው፤ ነፋስ አይገፋውም። በሩን ማን ዘጋው?

ይህን የምጠይቅሽ በእናታችን ቤት በር ሰው መትቶ ስለማያውቅ ነው። የኔንም ጆሮ ለሐኪሙ በር ነው ያልነው። እናታችን ናት እንዲህ በዪ ያለችኝ።

እህትሽ

*

መጋቢት 19 ቀን

እታለም፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ጆሮሽን በር እንዳልመታው ዛሬ ገና ሰማሁ። እንግዲያው እኔም የኔን ልንገርሽ።

ውሻው በተዘጋበት ማግሥት ወንድምሽ ደሙን ልቅዳለት አለ። አፉን እንሰረው አልኩ። “አንቺ ያዥ ነሽ፣ ያዢ” አለኝ። ፍርግርጉን ከፍተን ያዝኩት፤ አንገቱን በክንዴ፣ ወገቡን በጉልበቴ። “አጥብቀሽ ያዢ” እያለ ይጮኻል። ሁሌም እንደዚያ ነው የሚለው፤ ጫጩትም ብይዝለት አጥብቀሽ ያዢ ነው። መርፌውን ሲሰካው ውሻው ራሱን ከክንዴ አሾልኮ አንጓውን ነከሰው። ያ ጨርቅ የድመት አይደለም።

ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ያጥባል። ወንድምሽ የፍርግርጉን መቀርቀሪያ ብረት መዘዘ። እኔ ውሻውን እንደያዝኩ ነው፣ እታለም። የመጀመሪያውን ሲመታው ደሙ ፊቴ ላይ ፈነጠቀ። ተው አልኩት፣ ጭንቅላቱን ተው፣ ላቦራቶሪ ይፈልገዋል አልኩት። ውሻው በሁለተኛው ሞቷል። እሱ ግን መታ፣ መታ፣ እስኪደክመው መታ፤ ጭንቅላቱ ጭንቅላት መሆኑ ቀረ። ለላቦራቶሪ የሚላክ ቀርቶ በማንኪያ የሚለቀም አልነበረም። ከጓሮ ቀበረውና መጥቶ እጁን ታጠበ። “አንተም ተነክሰሃል፣ ሂድና ተወጋ” አልኩት። “እኔ በየዓመቱ የምከተብ ሰው ነኝ፤ ወረቀቴን አላየሽም?” አለኝ። አይቼዋለሁ፤ አመንኩት። ጭንቅላቱን አደቀቅኩት ብሎ ለቦርዱ ከሚናገር፣ የአራት ልጆች አባት እሱን አምኖ ይሙት ብሎ ነው ውሻው ጤነኛ ነው ያለው።

የእጄ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። አቤቱታው የመጣ ዕለት “ማን ነገራት?” ብሎ ገባ። የበሩን መቃን ይዤ ቆሜ ነበር። ዓይኔን እያየ ዘጋው። ስጮህ ተደገፈበት። ሰውነቱን በሙሉ ጥሎ ተደገፈበትና “አሁን አጥብቀሽ ይዘሻል” አለኝ።

አንቺ አንድያ ወንድሜ ነው ትያለሽ። ለኔም ጡት አብሮኝ ባይጠባ አብሮኝ ያደገ ነው፤ ሲርበው ወደ እኔ ቤት ነው የሚመጣው፣ ጣቶቼን ከሰበረ በኋላ እንኳ አንድ ቀን መጥቶ በልቶ ሄዷል። አበላሁት። ግን በዚያ እጁ እዚያ አገርም ፍርግርግ ይከፍታል፤ ከፍርግርጉ ማዶ ደግሞ ሌላ ያዥ አለች። ፍርግርጉን የምታጥቢው አንቺ ነሽ፣ እታለም። አንቺ ነሽ የምትይዢለት።

ቦርዱ ሚያዝያ 4 ቀን ጠርቶኛል። ያየሁትን እናገራለሁ። ብትቀየሚኝም ተቀይሜሻለሁ ብለሽ ጻፊልኝ እንጂ ዝም እንዳትዪኝ።

የአክስትሽ ልጅ

*

መጋቢት 30 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

አልተቀየምኩሽም። ተናገሪ። ሐኪሟንም ወንድሜ አይመጣም ብያታለሁ።

አሁን የምጽፍልሽን እንዳነበብሽ ጫማሽን እንኳ ሳታደርጊ ወደ እሱ ሩጪ። ራሱን ራሱ ወጋ ያልሽኝን ያን ጊዜ እንደ ጨዋታ አልፌው ነበር፤ መነከሱን አላውቅማ። ወንድሜ መርፌ ይፈራል። እንስሳ ላይ ሲሰካ አይፈራም፤ የራሱን ቆዳ ሲነካው ግን ይበረግጋል። በልጅነቱ ሊያስከትቡት አራት ሰው ይዞት ነርሷን ነክሶ አምልጧል። ይህ ጆሮዬ የሄደው ምን ስላደረግኩት ይመስልሻል? ታይፎይድ ይዞት፣ መርፌውን እንዲወስድ በሩን ስለቆለፍኩበት ነው። ጎረምሳ ነበር። በጥፊ አንድ ጊዜ ነው የመታኝ፤ አንድ ጊዜ በቃኝ።

በየዓመቱ ራሱን ወጋ? አልወጋም። ማኅተሙን ነው የመታው። እሱን ክትባት አልነካውም፣ እኅቴ። እስካሁን ማንም አላወቀበትም፤ አሁን ሄዶ ልወጋ ቢል ግን ውሸቱ ይወጣበታል፤ ያን ከሚያደርግ ይሞታል።

እዚህ የምትሠራ ልጅ ወደ ክሊኒኩ እንድትደውልልኝ ለምኜ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ታሽጓል ብለሽኛል፤ ረስቼው ነው። ከዚያ ሌላ ስልክ ደግሞ የላችሁም። በጣም ፈጣን በተባለው ፖስታ ነው የላክሁልሽ።

ያዢውና ውሰጂው። አስረሽም ቢሆን ውሰጂው።

*

ሚያዝያ 9 ቀን

እታለም፣

ፈጣኑ ፖስታሽ ሚያዝያ 5 ቀን ጠዋት ደረሰኝ። ከችሎቱ በማግሥቱ።

በተራ ልንገርሽ፤ ካልሆነ አልችልም።

ቦርዱ የተሰየመው ፎቅ ላይ ባለ ጠባብ አዳራሽ ነው። አምስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ መሀል ላይ የውሃ ማሰሮና ብርጭቆዎች። ወንድምሽ ሲገባ ከስቷል። ያን እጁን ያክካል፤ ሸሚዙ እስኪደማ ያክካል። የያዝኩትን ውሻ፣ ብረቱን፣ በሩን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ሰብሳቢው ሽማግሌ እጄን አሳዪን አሉኝ፤ አሳየሁ። ወንድምሽ ሲሰማ አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም። እኔን ሳይሆን ማሰሮውን ነበር የሚያየው። በኋላ ጸሐፊዋ ለሰብሳቢው ውሃ ስትቀዳ፣ ያ የውሃ ድምፅ ሲሰማ፣ ከወንበሩ ተነሳ። ማሰሮውን አንስቶ ግድግዳው ላይ ፈረከሰው። ወንበር ወረወረ፤ መርማሪዋን ቅንድቧ ላይ መታት፣ ደሙ ዓይኗን ሞላው። አራት ጠባቂ ነው ጎትቶ ያወጣው። ሲወጣ ድምፁ እንደ ታፈነ ሰው ነበር።

ሁላችንም ምን አልን? ክብሪት ነው አልን። ዘበኛው “ይኸው፣ እዚህም መጥቶ ነደደ” አለኝ። ሰብሳቢው ፈቃዱ ለዘለቄታው ተሰርዟል ብለው እዚያው ተናገሩ። ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ሲሰብር ያየነው ሰው ነው፤ ያሁኑ ሌላ መሆኑን በምን እንለየው? እኔ እንኳ አልለየሁም፣ ስንት ያበደ እንስሳ የያዝኩት።

በማግሥቱ ደብዳቤሽን አነበብኩ። የውሃው ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ። ቤቱ ሄድኩ፣ የለም። ክሊኒኩ ሄድኩ፤ ዘበኛው እሽጉ እንዳልተነካ አሳየኝ። ወደ ጤና ጣቢያ ሩጥ፣ መኪና ይዘህ ና ብዬው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ያን ቀን ቤቴ የመጣውን ሁሉ ልንገርሽ። መጀመሪያ የልብስ ሰፊው ሚስት መጣች። ባሏ ደህና ነው፤ ለኔ ቀሚስ እየሰፋ ነው፣ እጅጌውን ለተሰበረው እጅሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ ብሏል አለችኝ። ሕፃኗን አቅፋ እንደቆመች ወንድምሽ በጓሮ ገባ። ውጪ አልኳት፣ ወጣች። መስኮቷን የሰበረውን ሰው በዓይኗ ስታየው እንኳ አልተሳደበችም። “ይሄ ሰውዬ ታሟል” ብላኝ ነው የወጣችው። በአንድ እይታ፣ እታለም። እኛ ያላየነውን።

ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ውሃ ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት። ብርጭቆውን እስከ አፉ አደረሰው፤ ከዚያ አንገቱ እንደ ገመድ ተወጠረና ብርጭቆውን በመዳፉ ውስጥ ጨፍልቆ ሰበረው። ምራቁን መዋጥ አልቻለም። ሲረጋጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ መዳፉ እየደማ። እህትህ ጽፋለች አልኩት። ምን አለች አለ። መርፌ ይፈራል አለች አልኩት። ሳቀ። “ስንት ሺህ ወግቻለሁ” አለ፤ “አንዱን ለራሴ አስቀርቼ ነበር። ብልቃጡ እስካሁን ፍሪጅ ውስጥ አለ።”

እንደገና ሲያንቀጠቅጠው፣ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ፣ አየኝ።

“አጥብቀሽ ያዢኝ” አለኝ። “እንዳልነክስሽ።”

ከኋላው ሄጄ ያዝኩት። አንገቱን በክንዴ፣ ወገቡን በጉልበቴ። ቀኙ እጄ አይጨብጥም፤ በግራው ነው የያዝኩት። ወረወረኝ፣ ከግድግዳ አጋጨኝ፣ አለቀቅኩትም። እንደ እንስሳው ሁሉ ጆሮው ሥር እያወራሁለት ያዝኩት። ስምሽን ደጋግሜ ጠራሁለት።

ዘበኛው መኪናውን ይዞ መጣ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ገብቶ አየውና፣ ወደ ውጭ ወስዶኝ፣ ከእንግዲህ ማስታገሻ እንጂ ሌላ የለንም አለኝ። ምኑ ነሽ አለኝ። ያዡ ነኝ አልኩት። አልጋ ላይ ሲያስሩት አልታገላቸውም። ማስታገሻ መርፌውን ሊወጉት ሲሉ እጁን ራሱ ዘረጋላቸው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈ። ከመቃብር ቦታው ግራር ሥር፣ ከእናታችሁ አጠገብ ነው ያሳረፍነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው አልተቋረጠም። ልብስ ሰፊው እያነከሰ መጣ፤ ጥቂት ተቀምጦ ሄደ። መርማሪዋ ቅንድቧን በፋሻ አስራ መጣች፤ የክሊኒኩን ፍሪጅ ከፍተው ብልቃጡን ማግኘታቸውን ነገረችኝ። ሰብሳቢውም አዝነናል ብለው ሰው ላኩ።

መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት ያለውን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ጎንበስ በዪ አለኝ። ጎንበስ አልኩ።

“ለእህቴ ጻፊላት” አለ። “በር አልነበረም በያት።”